ዘንባባ ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቤት የሚቀይሩ ሰዎች በእጃቸው ያሳደጉትን ዘንባባ ትተው ሲመጡ ያሳዝነኛል። ብዙዎቹ የሚተዉት «እዚያ አይበቅልም» ስለተባሉ ብቻ ነው።

«ደሴ ደጋ ናት፤ ዘንባባ የቆላ ዛፍ ነው።» ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው የሚያጣው 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮኮናት ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ሌሊት ስለሚፈልግ ይህን አይችልም። ቴምርም ዛፉ ቢቆም እንኳ ፍሬው የሚበስለው እንደ አፋር ባለ ሐሩር ነው። ለሆሳዕና የምንይዘው የአገራችን ዘንባባ ግን ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ግንደ ወፍራሙ የካናሪ ዘንባባ ደግሞ አንዴ ሥር ከያዘ ከዜሮ በታች የወረደ ብርድም ይቋቋማል።

«ዝቅ ያለ ቦታ ሁልጊዜ ይሞቃል።» ብዙ ዛፍ የሚያልቀው በዚህ እምነት ነው። ጥርት ባለ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መሬት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ከደሴው ጦሳ ተራራ ተዳፋት የወረደው ብርድ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ይተኛል፤ የግንብ አጥር ካገደውም እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ተዳፋቱ ወገብ ላይ ያለ ግቢ ከሥሩ ካለው ለጥ ያለ ግቢ ያነሰ ውርጭ ሊያይ ይችላል። ፀሐይ ሳትወጣ ግቢዎን ይዙሩ፤ ሣሩ በአመዳይ የነጣበት ቦታ ላይ ዘንባባ አይትከሉ። በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ወደ ደቡብ የዞረ የድንጋይ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። እኔ ብመርጥ ከዚያ ግድግዳ ሥር እተክላለሁ፤ የጦሳ ጥላ ቶሎ የሚወድቅበት ግቢ ግን ይህን ጥቅም በከፊል ያጣል።

«ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው።» ለሌላ ዛፍ ልክ ነው። ዘንባባ ግን ሥር የሚሰድደው አፈሩ ሲሞቅ ነው። ሐምሌ ላይ የተተከለው በቀዘቀዘ ጭቃ ውስጥ ከርሞ፣ ሥር ሳይዝ ኅዳር ይደርስበታል። ውርጩ ካለፈ በኋላ መጋቢት ላይ ይተከል፤ የበልጉ ዝናብ ከቀረ ውሃ ማጠጣት የግድ ነው።

«በላስቲክ መሸፈን ይበቃል።» ቅጠሉን የነካ ላስቲክ ብርዱን ያስተላልፋል። ጆንያ ይሻላል፤ ጠዋት ይነሣል።

«ቅጠሉ ከደረቀ ዛፉ ሞቷል።» የአንድ ዘንባባ ግንድ ሕይወት አናቱ ላይ ባለችው አንዲት ቡቃያ ላይ ነው። የደረቀውም ቅጠል ያችን ቡቃያ ከብርድ ስለሚከልል ወራቱ እስኪያልፍ አይቆረጥ። መሃል ላይ ያለውን ያልተዘረጋ ቅጠል ቀስ ብለው ሳብ ያድርጉ፤ አጥብቆ ከያዘ ተስፋ አለ። ተመዝዞ ወጥቶ ሥሩ ከሸተተም ለመንቀል አይቸኩሉ። የበሰበሰውን አጽድተው፣ አናቱ ላይ ውሃ እንዳይቋጠር ተከላክለው እስከ ክረምቱ ይታገሡት፤ እንዲህ ተጎድቶ የሚያገግም አለ።