የሼቭሮሌት 350 ወደ 383፦ የክራንክ ሻፍትና የኮኔክቲንግ ሮድ ምርጫ

ለመንገድ መኪና ሞተር ከፋብሪካው ዕቃ ይልቅ ሌላ አምራች የሠራውን ክራንክ ሻፍትና ኮኔክቲንግ ሮድ መግጠም በአሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። ክራንክ ሻፍት (ባጭሩ ክራንክ) የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚቀይር ዘንግ ነው፤ ኮኔክቲንግ ሮድ (ሮድ) ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር ያገናኛል። በጣም የተለመደው ምሳሌ የሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ ቪ8 ነው። በዚህ ሞተር ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ዋና ዋናው እዚህ ተሰባስቧል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልማዱ ከስሞል ብሎክ በፊትም ነበር። የፎርድ ፍላትሄድ ሞተር ያላቸው ወጣቶች ከ1949 ጀምሮ የወጣውን የመርኩሪ (የፎርድ ኩባንያ ሌላ የመኪና ስም) ክራንክ ይገጥሙ ነበር። ስትሮኩ፣ ማለትም ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት፣ ከፎርዱ 3.75 ኢንች ወደ 4 ኢንች ያድግላቸዋል።

ስሞል ብሎክ በ1955 ሞዴል በሼቭሮሌት ዋና መሐንዲስ በኤድ ኮል መሪነት በ265 ኪዩቢክ ኢንች (የሲሊንደሮቹ ጠቅላላ ይዘት) ወጣ። ከዚያ 283፣ 327፣ በ1967 ካማሮ ላይ 350፣ በ1970 ደግሞ 400 ተከተሉ። በዚህ ሁሉ ከአንዱ ሲሊንደር መሃል እስከ ቀጣዩ ሲሊንደር መሃል ያለው ርቀት 4.4 ኢንች እንደሆነ ቀረ። መሐንዲሶቹ ከመጀመሪያው አርቀው አስበዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የ350 ሲሊንደር 4 ኢንች ይሰፋል፤ ስትሮኩ 3.48 ነው። የ400 ስትሮክ ደግሞ 3.75 ነው። የሰፈር ሞተር ሠሪዎች የ400ን ክራንክ ወስደው በ350 ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተሩ አካል) ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ችግሩ የ400 ዋና አንገት (ክራንኩ በብሎኩ ላይ ተቀምጦ የሚዞርበት ክፍል) 2.65 ኢንች ሲወፍር የ350 ብሎክ የሚቀበለው 2.45 ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ክራንኩ ቶርኖ ቤት ገብቶ አንገቱ ይሞረድ ነበር። ሲሊንደሩ 30 ሺኛ ኢንች ሲሰፋ ሒሳቡ 383 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 6.3 ሊትር፣ ይመጣል። ዛሬ ይህን ሞረዳ የሚያደርግ ብዙም የለም። የውጭ አምራቾች 3.75 ስትሮክ ያለውን ክራንክ ከጅምሩ በ2.45 አንገት ይሠሩታል። ጄኔራል ሞተርስም ራሱ ኋላ ላይ ኤችቲ383 የሚባል የተገጣጠመ ሞተር ሸጧል።

ገዢ በብዛት የሚሳሳተው በጥንካሬ ሳይሆን በልክ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የብሎኩ ዓመት ነው። እስከ 1985 ድረስ የኋላው የዘይት ሲል ከሁለት ቁራጭ የተሠራ ነበር። ከ1986 ጀምሮ አንድ ወጥ ሆነ። የክራንኩ ጫፍና የፍላይዊሉ (በክራንኩ ኋላ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ቡሎን አቀማመጥም አብሮ ተለወጠ። የቀድሞውን ክራንክ በአዲሱ ብሎክ ላይ የሚያስገጥም አዳፕተር አለ፤ በተቃራኒው ግን አይሆንም። ሁለተኛው ጥያቄ የአንገት ውፍረት ነው። የቀድሞዎቹ 283 እና 327 የሮድ አንገታቸው (ሮዱ የሚታሰርበት የክራንኩ ክፍል) 2.00 ኢንች ነበር። 327 በ1968 ወደ 2.10 ተሻገረ። 350 ከመጀመሪያውም ትልቁን ይዞ ነው የወጣው።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። የ400 ክራንክ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚዛኑ ከፊል በፊት ዳምፐር (ንዝረት የሚያበርድ ክብ ብረት) እና በኋላ ፍላይዊል ላይ ነበር። ርካሽ የ383 ክራንኮች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። የ350ውን ፍላይዊል እንዳለ መልሶ የገጠመ ሰው መሪውን ሲይዝ እጁ ይደነዝዛል፤ ቤሪንጎቹም ብዙ አይቆዩም። ክራንኩ በራሱ ሚዛን እንዲጠብቅ ከተፈለገ ከባድ የተንግስተን ብረት በክራንኩ የሚዛን ክብደቶች ውስጥ መግባት ሊኖርበት ይችላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፒስተን፣ ፒን (ፒስተኑን ከሮዱ ጋር የሚያያይዘው)፣ ሮድና ሪንግ አንድ ላይ ሳይመዘኑ ክራንክ ባይገዛ ይሻላል።

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ ለአንድ ዓይነት ብረት የሚሰጠው የመሳብ ጥንካሬ ከካታሎግ ካታሎግ ይቀራረባል። ካስት አይረን ከ70,000 እስከ 80,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። ካስት ስቲል 105,000 ገደማ፣ ፎርጅድ 5140 (ቁጥሩ የብረቱ ዓይነት መለያ ነው) ደግሞ 115,000 ገደማ ይይዛል። ፎርጅድ 4340 ወደ 140,000 ይደርሳል። ካስት ማለት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ ፎርጅድ ግሎ የተቀጠቀጠ ነው። ያገለገለ ክራንክ ሲገዛ ጎኑ ላይ ያለው መስመር ይታያል። ቀጭን ከሆነ ካስት ነው፤ ሰፊና የተፋቀ ከሆነ ፎርጅድ ነው።

ታዲያ ለመንገድ የትኛው? ቱርቦም ናይትረስም (ጉልበት መጨመሪያ ጋዝ) ለሌለው፣ ከ6,000 ዙር ለማያልፍ፣ እስከ 450 የፈረስ ጉልበት ለሚሰጥ 383 ካስት ስቲል ይበቃል። ፎርጅድ ካልሆነ የሚሉ አሉ፤ ለውድድር እውነታቸውን ነው። ሱቅ ሲኬድ ግን ሻጩ 4340 የሚለውን ቁጥር እንደ ጸሎት ይደጋግመዋል። ተርፎ የሚቀረው ገንዘብ ሮዱ ላይና ሚዛኑ ላይ ቢወጣ ይሻላል።

ሮዱን የሚሰብረው ከጉልበቱ ይልቅ ዙሩ ነው። ፒስተኑ በጭስ ማውጫው ምት ላይ ደርሶ ሲመለስ ከላይ የሚይዘው ግፊት የለም፤ መላ ክብደቱ ሮዱንና ቡሎኖቹን ይስባል። ይህ ስበት በዙሩ ካሬ ያድጋል። ከ6,000 ወደ 7,000 መውጣት 36 በመቶ ተጨማሪ ጭነት ማለት ነው። ስለዚህ ከሮዱ ቅርጽ በፊት ቡሎኑ ይታይ። ኤአርፒ ከሚባለው የቡሎን አምራች 8740 ለብዙ የመንገድ ሞተር ደህና ነው፤ ኤአርፒ 2000 ከዚያ ይበልጣል። የሮድ ቡሎን እንደ ሞላ ነው፤ የሚይዘው በትክክል ስለተለጠጠ ነው። ጠንቃቃ ሠሪ በቶርክ ቁልፍ ብቻ አይተማመንም። ከመጥበቁ በፊትና በኋላ ርዝመቱን በመለኪያ ያነባል። የሚፈለገውን ልጠጣ የቡሎኑ ወረቀት ይነግረዋል። ተፈትቶ ከመነሻ ርዝመቱ በአንድ ሺኛ ኢንች የረዘመ ቡሎን ይጣላል።

የሮዱ ርዝመት ሌላ ክርክር ነው። ጥንት ርካሽ 383 የሚሠሩ ሰዎች የ400ን አጭር ሮድ፣ 5.565 ኢንቹን፣ ይጠቀሙ ነበር። የ350 ፒስተን ከሱ ጋር ልክ ስለሚመጣ ነው። ዛሬ ምርጫው 5.7 ወይም 6.0 ነው። 6.0 የፒስተኑን የጎን ግፊት ይቀንሳል፤ ጉልበት ይጨምራል የሚባለው ግን በመንገድ ሞተር ላይ ብዙም አይታይም። በዚያ ላይ ፒኑ ወደ ላይ ወጥቶ የዘይት ሪንጉን ቦይ ይነካል። ስለዚህ ተጨማሪ ደጋፊ ቀለበት ያስፈልጋል። ለ6.0 በተሠራ ክራንክ ላይ 5.7 ከተገጠመ ደግሞ የፒስተኑ ታች ከክራንኩ ክብደት ጋር ሊጋጭ ይችላል። የሮዱ ቅርጽ አይ ቢም (እንደ I ፊደል) ወይስ ኤች ቢም (እንደ H ፊደል) የሚለው ለመንገድ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ስትሮኩ ሲረዝም የሮዱ ቡሎን ከብሎኩ የታችኛው ጠርዝና ከካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚያስከፍተው ዘንግ) ጋር ይቀራረባል። ሁሉም ነገር ለሙከራ ይገጠምና ክራንኩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። 60 ሺኛ ኢንች፣ ማለትም 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የሆነ ሽቦ በየክፍተቱ ይገባል። ካላለፈ ብሎኩ ይሞረዳል። አንዱ ሲሊንደር ስላለፈ ሌላው ያልፋል ማለት አይደለም፤ ስምንቱም ይታያሉ። የቤሪንጉ ክፍተት ደግሞ በተለመደው ደንብ ለእያንዳንዱ ኢንች የአንገት ውፍረት አንድ ሺኛ ኢንች ነው። ለ2.10 አንገት ከሁለት ሺኛ ኢንች ትንሽ አለፍ ይላል።

ከአምራቾቹ መሃል ስካት በሬዶንዶ ቢች ካሊፎርኒያ፣ ኢግል በሳውዝሄቨን ሚሲሲፒ፣ ካሊስ በፎስቶሪያ ኦሃዮ ይገኛሉ። ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ክራንኮች ጥሬ ቅርጻቸው በቻይና እንደሚሠራ ይነገራል። ይህ ብቻውን መጥፎ አያደርጋቸውም፤ የመጨረሻው ሞረዳ ልክ መሆኑን ማይክሮሜትር ይናገራል። ከ1997 የሼቭሮሌት ኮርቬት ጋር የመጣው ኤልኤስ የሚባለው ሞተር በልኩም በሮዱም ከዚህ የተለየ ስለሆነ የራሱ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።