አንቲ-ዲበጊንግ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት ስለ አዲስ የክፍያ መተግበሪያ ገለጻ ያደርጋል። ስላይዱ ላይ ትልቅ የጓጉንቸር ሥዕል አለ። ከሥሩ «አንቲ-ዲበጊንግ ስላለው አይጠለፍም» ይላል። ሰው አጨበጨበ። እኔ ቡናዬን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቃሉን በዚህ አያያዝ ስሰማው በወሩ ውስጥ ሦስተኛዬ ነው።

መስኮቱ ላይ አንድ ታንኳ ይታያል። ከውኃ ወጥቶ፣ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ከሥሩ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። የምጽፈው ስለ ስላይዱ ነው፤ ታንኳው ግን ከዓይኔ አልጠፋም። እመለስበታለሁ።

ዲበገር ምን እንደሆነ አልዘረዝርም። ኮድ ጽፎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የሚሠራ ፕሮግራም መሃል ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ውስጡን ያሳያል፣ ካስፈለገም ያስቀይራል። ሠሪው ሲይዘው ስህተት መልቀሚያ ነው፤ አጥቂው ሲይዘው ኪስ መበርበሪያ። መሣሪያው ያው አንድ ነው። አንቲ-ዲበጊንግ የምንለው መተግበሪያው «አሁን ሰው እየበረበረኝ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅባቸው ዘዴዎች፣ መልሱን ሰምቶም የሚያደርገው ነገር ነው። ይኼው ነው።

ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፦ ጥያቄው የሚቀርበው ለማን ነው? ለስልኩ። ስልኩ በማን እጅ ነው? በአጥቂው።

አምና ከፖሊ ቴክኒክ ለልምምድ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። በአንድሮይድ «ዲበገር ተገናኝቷል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ የሚመልስ ዝግጁ ፈንክሽን አለ። ልጁ በሱ ጥሩ አድርጎ መከላከያ ጻፈ። ዲበገር አገናኘን፤ መተግበሪያው ወዲያው ጠፋ። ደስ አለው። ከዚያ ፍሪዳን አስነሳሁ። ፍሪዳ ስል ለበዓል የሚጣለውን አይደለም፤ የሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ፈንክሽኖችን እየጠለፈ የሚቀይር ነፃ መሣሪያ ነው። ያንን ፈንክሽን «ምንም ብትጠየቅ ሐሰት በል» አልኩት። ሦስት አራት መስመር ኮድ ነው። ዲበገሩን እንደገና አገናኘን። መተግበሪያው ሰላማዊ ሆኖ ቀጠለ።

«ጋሼ፣ እንግዲያው አይሠራም ማለት ነው?» አለኝ።

«ይሠራል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን ዕወቅለት።»

ዲበግ ማድረግና ትሬስ ማድረግም ይምታታል። ዲበገር አንገት ይዞ ያቆምሃል። ትሬስ የሚያደርግህ ደግሞ ሳያቆምህ ዱካህን ይከተላል፦ የትኛውን ፋይል ከፈትክ፣ ለማን ምን ላክህ። አንዱን ማየት የሚችል ዘዴ ሌላውን ላያየው ይችላል። በሊኑክስ፣ በሱ ላይ ስለተሠራም በአንድሮይድ፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ስለ ራሱ የሚያነበው የሁኔታ ፋይል አለው። ውስጡ ትሬሰርፒድ የሚባል መስመር አለ። 0 ከሆነ በፒትሬስ፣ ማለትም ዲበገሮች አንድን ፕሮሰስ በሚይዙበት የሲስተም ጥሪ፣ የያዘህ የለም። ሌላ ቁጥር ከሆነ የያዘህ ፕሮሰስ መለያ ነው። ብዙ መተግበሪያ ይህችን መስመር አንብቦ «ተጠብቄአለሁ» ይላል። ፍሪዳ ግን ሩት በተደረገ፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣኑ በተከፈተ፣ ስልክ ላይ ለመግባት ያህል ፒትሬስን ይጠቀማል፤ ከገባ በኋላ ይለቀዋል። መስመሯን ብታነባት 0 ትላለች። ሰውዬው ግን ሳሎንህ ተቀምጧል። ኤፒኬው፣ ማለትም መተግበሪያው የሚጫንበት ፋይል፣ ተፈትቶ ፍሪዳ ውስጡ ተሸጉጦ እንደገና ከታሸገማ ፒትሬስ ጭራሽ አያስፈልገውም። ከርነሉ፣ ማለትም የስልኩ ሲስተም እምብርት፣ ውስጥ ሆኖ የሚከታተል ሰው ካለ ደግሞ መተግበሪያህ ከላይ ሆኖ የሚያየው ነገር የለም።

ፍሪዳን በ27042 ፖርት፣ ማለትም ግንኙነት በሚቀበልበት የበር ቁጥር፣ የሚፈልጉም አሉ። መነሻ ፖርቱ እሱ ስለሆነ ነው። አጥቂው ቁጥሯን ከቀየራት ፍለጋው አበቃ።

ሌላው የታወቀ ዘዴ ወንበር መያዝ ነው። አንድን ፕሮሰስ በፒትሬስ መያዝ የሚችለው በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ልጅ ፕሮሰስ ይወልድና ልጁ ወላጁን ቀድሞ ይይዘዋል። ታክሲ ውስጥ ቦርሳ አስቀምጦ «ሰው አለው» እንደማለት ነው። ቆንጆ ዘዴ ነው። ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር፦ አንድሮይድ ራሱ መተግበሪያ ሲወድቅ የአወዳደቁን ሪፖርት የሚሰበስበው በዚሁ በፒትሬስ ነው። ወንበሩን ከያዝክበት ሪፖርቱን መሰብሰብ ያቅተዋል። ከዚያ ደንበኛ «መተግበሪያችሁ ይዘጋብኛል» ሲልህ ለምን እንደሆነ የምታይበት የለህም። በዚህ ሁለት ሳምንት የተቃጠለ ቡድን አውቃለሁ። አባል ነበርኩ።

አሁን ወደ ታንኳው።

የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ልጅ ሆኜ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሲያስሩ እያየሁ «አባቴ፣ ውኃ አያስገባም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ደንገል ውኃ ባይጠጣ ደንገል ይባላል? ይጠጣል እንጂ። እስኪጠጣ ግን ታደርሳለህ» አሉኝ። ለዚህ ነው ታንኳ ከሥራ በኋላ ወጥቶ፣ ቆሞ የሚደርቀው። ቢበዛ ጥቂት ወራት ያገለግላል፤ ከዚያ ሌላ ይታሰራል። ታንኳ ሠሪ «ውኃ አያስገባም» ብሎ አይሸጥም።

አንቲ-ዲበጊንግም እንደዚያው ነው። አጥቂው ይገባል። ጥያቄው በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን ነው። ስለዚህ አንዴ ተገጥሞ የሚረሳ ነገር አይደለም። በየዕትሙ ቦታውና መልኩ መቀየር አለበት፤ ደንገሉ መድረቅና መታደስ እንዳለበት። አጥቂው ያለፈውን ዕትም አለፍኩ ሲል አዲሱ ላይ እንደገና መጀመር አለበት። የምትገዛው ጊዜ ነው። ታንኳ ላይ ደግሞ ቢሰምጥ የማይቆጭህን ትጭናለህ። ማገዶ ይጫናል። የቤት ካርታህን ይዘህ ግን አትሳፈርም። በመተግበሪያው ውስጥ ሚስጥራዊ ቁልፍ ደብቆ «አንቲ-ዲበጊንግ ይጠብቀዋል» ማለት የቤት ካርታን በታንኳ መላክ ነው። ካርታው መቀመጥ ያለበት የብስ ላይ፣ ማለትም ሰርቨሩ (ድርጅቱ ራሱ የያዘው ኮምፒውተር) ዘንድ ነው። የገንዘብ ልኩን፣ የሒሳቡን ባለቤት፣ የዝውውሩን ጣሪያ የሚያረጋግጠው ሰርቨሩ ነው። መተግበሪያው የነገረውን ሁሉ የሚያምን ሰርቨር ካለህ አንቲ-ዲበጊንግህ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

ጉማሬውስ? ጉማሬው ከርነሉን የያዘ አጥቂ ነው ልል ነበር። ባለ ታንኳ ጉማሬን አይገጥምም፤ ከሩቅ አይቶ ይሸሻል። መተግበሪያ ግን ከስልኩ ወዴት ይሸሻል? ታንኳዬ እዚህ ላይ ውኃ ጠጣ። ልተወው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «አንቲ-ዲበጊንግ የሌለው መተግበሪያ ቀዳዳ አለበት» ብሎ በእርግጠኝነት ሲናገር ሰምቻለሁ። የለበትም፣ ወንድሜ። ወይም ካለበት በሌላ ምክንያት ነው። ኦዋስፕ የሚባለው የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅት ለሞባይል መተግበሪያ ደህንነት ያወጣው ማስቪኤስ የሚባል መመዘኛ አለ። 2ኛው ዕትም በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሬዚሊየንስ (መቋቋም) በሚለው ክፍሉ ስለነዚህ መከላከያዎች ያወራል። የነሱ አለመኖር በራሱ ተጋላጭነት አያመጣም፤ ለተወሰነ ስጋት በላይ በላዩ የሚደረቡ ናቸው ይላል። የሚደረበው ደግሞ በልብስ ላይ ነው። ሰውዬው ራቁቱን ካባ ደርቦ ነው የመጣው።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እኅቴ ምሳ ልትጋብዘኝ አሣ ቤት ይዛኝ ሄደች። የተጠበሰ ቆሮሶ በላን። ልትከፍል ስልኳን አወጣች። የምትጠቀምበት የአንድ ባንክ መተግበሪያ ግን አልከፍትም አለ። «ስልክዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ይላል በቀይ። ደነገጠች። «ተጠልፌ ነው እንዴ?» እያለች ስልኩን በሁለት ጣት ይዛ አቀበለችኝ፤ ትኩስ ድንች የያዘች ነው የምትመስለው። አየሁት። ዩኤስቢ ዲበጊንግ በርቷል። ለካ ስልኩን ስክሪን ልትቀይር የሰጠችው ጠጋኝ አብርቶት ረስቶታል። ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ መታ መታ ሲያደርጉት የዴቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል፤ ማንም ጠጋኝ የሚያውቀው ነገር ነው። አጠፋሁት። መተግበሪያው ተከፈተ። አሥር ሰከንድ አልፈጀም። እስከዚያው ግን አስተናጋጁ ሒሳቡን ይዞ ሁለቴ ተመላልሷል።

ይህ አንቲ-ዲበጊንግ አይደለም። ዩኤስቢ ዲበጊንግ በርቷል ማለት ኮምፒውተር በገመድ ከስልኩ ጋር ሊነጋገር ይችላል ማለት ነው፤ ያውም ስልኩ ላይ «ፍቀድ» ከተባለ። ያ መተግበሪያ እየተበረበረ ነው ማለት አይደለም። ለገበያ በተለቀቀ መተግበሪያ ላይ ዲበገብል የሚለው፣ ዲበገር እንዲገናኝ የሚፈቅደው ምልክት መጥፋት አለበት፤ ከጠፋ ደግሞ ባልተነካካ ስልክ ላይ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ስለበራ ብቻ ዲበገር ሊገናኘው አይችልም። ጉግል ፕሌይም ምልክቱ የበራበትን ኤፒኬ አይቀበልም። እውነተኛው አጥቂ ደግሞ ስልኩ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ ጠፍቷል» ብሎ እንዲዋሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ይህ ፍተሻ ያስቆመው ማንን ነው? እኅቴን። በማግሥቱም «አጥፍተሽ ክፈቺ» ብላ ለጓደኞቿ አስተማረች። ነገ በእውነት የሚያስጠነቅቅ መልእክት ሲመጣ ማን ያምናል?

«ምንም ካለማድረግ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ሁልጊዜ አይሻልም። ፍተሻ ሁሉ ንጹሑን ሰው በስህተት የሚይዝበት ጊዜ አለው። ለምሳሌ ጊዜ የሚለኩ ፍተሻዎች አሉ፤ ሁለት ነጥቦች መካከል ከወትሮው የረዘመ ጊዜ ካለፈ ሰው አቁሞታል ብለው ይገምታሉ። ርካሽ ስልክ፣ 3 በመቶ ባትሪ፣ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ ከኋላ አሥር መተግበሪያ ተከፍቶ፦ ያ ስልክ ዲበገር ሳይኖርም ይንቀረፈፋል። ሚዛኑን የምትመድበው በቢሮህ አዲስ ስልክ ከሆነ ግማሽ ገበያህን ሌባ ታደርጋለህ። የስልኩን ጤንነት ሰርቨሩ እንዲያረጋግጥ የሚያደርገው የጉግል ፕሌይ ኢንተግሪቲ ጥሩ ነው፤ መልሱ የሚመዘነው ስልኩ ላይ ስላልሆነ። ግን የጉግል አገልግሎት የሌላቸው አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች አሉ። እነሱን ምን ልታደርጋቸው ነው? ቀድመህ አስብበት።

አይፎን ላይስ? ከርነሉን «ማንም እንዳይይዘኝ» የሚሉበት የፒትሬስ አንድ ጥሪ አለ፤ ቁጥሩ 31 ነው። ከዚያ ዲበገር ሊያያዝ ሲሞክር ይከሽፋል። በዲበገር ሥር ሆኖ የሚጠራው ከሆነም ፕሮሰሱ 45 የሚል መውጫ ቁጥር ትቶ ይሞታል። ግን ያው ጥሪ ነው፤ ጄይልብሬክ የተደረገ፣ ማለትም የአፕል እገዳ የተሰበረበት፣ ስልክ ላይ ይጠለፋል። ፒትሬስ በአይኦኤስ ላይ ለሕዝብ የተከፈተ ስላልሆነም አፕ ስቶር ሊመልስብህ ይችላል።

ጠቃሚ የሚሆነው መቼ ነው ካላችሁኝ፦ ከስልኩ ሊወጣ የማይችል ሥራ ሲኖር ነው። ጨዋታ፣ የሚከፈልበት ቪዲዮ፣ በቴሌግራም ቻናል እየተቀየረ የሚዞር ኤፒኬ። ያን ጊዜም ፍተሻው አንድ ቦታ ብቻ አይሁን። ዲበገር ሲገኝ ወዲያው «ተይዘሃል!» ብሎ መዝጋትም ለአጥቂው ፍተሻው የት እንዳለ በጣት ማሳየት ነው። ዝም ብሎ ለሰርቨሩ ማሳወቅ፣ ውሳኔውን እዚያ ማድረግ ይሻላል።

ገለጻው ሲያበቃ ወጣቱን አገኘሁት። ትሑት ልጅ ነው። «የዝውውር ጣሪያውን የሚፈትሸው የትኛው ነው፣ መተግበሪያው ወይስ ሰርቨሩ?» አልኩት። ወደ ባልደረባው ዞረ። ባልደረባው ላፕቶፑን ከፈተ። ትንሽ አንሾካሾኩ።

«እሱን አይተን እንነግርዎታለን» አለኝ።

ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼው ወጣሁ። ውጪ ታንኳው ከቆመበት የለም። ባለቤቱ ማገዶ ጭኖበት ወደ ውኃው እየገፋው ነበር።