የመብራት ታሪፍ ችሎት ምንድን ነው?

የመብራት ዋጋ ጨመረ የሚለውን ወሬ ብዙዎቻችን የምንሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ቢሉ ይመጣል፤ እናማርራለን፤ እንከፍላለን። ግን በብዙ አገሮች ዋጋው ከመጽደቁ በፊት አንድ ክፍት በር አለ። ኩባንያው ጭማሪ ይጠይቃል፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥያቄውን ይመረምራል፣ ደንበኛውም ገብቶ ይናገራል። የታሪፍ ችሎት የምለው ይኼንን ነው። እንደ ፍርድ ቤት ከሳሽና ተከሳሽ ባይኖርም ሰነድ ይቀርባል፣ ባለሙያዎች ይጠየቃሉ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ተጽፎ ይወጣል።

ለምን አስፈለገ? ጫማ ሻጭ ቢያስወድድብን ወደ ሌላው እንሄዳለን። በመብራት ይኼ አይሆንም። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ኩባንያዎች የየራሳቸውን ምሰሶ ቢተክሉና ሽቦ ቢዘረጉ ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ከፋዩ ደግሞ ያው ደንበኛው ነው። ስለዚህ መስመሩን አንድ ኩባንያ ብቻ ይይዘዋል። የተፈጥሮ ሞኖፖሊ የሚባለው ይኼ ነው። ኩባንያው በምላሹ ግዴታ አለበት። በክልሉ ያለውን ሰው ሁሉ ያገለግላል፤ ዋጋም ብቻውን አይቆርጥም።

ቁጥጥር ይምጣ ብለው ቀድመው ከተናገሩት አንዱ የኩባንያ ሰው መሆናቸው ይገርመኛል። ሳሙኤል ኢንሱል በአሜሪካ የቺካጎ ኤዲሰን የተባለው የመብራት ኩባንያ ኃላፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1898 ለሙያ ማኅበራቸው ባደረጉት ንግግር፣ ኩባንያዎች ብቸኛ የአገልግሎት ክልል ይሰጣቸው፣ ዋጋቸውን ደግሞ የመንግሥት አካል ይቆጣጠር አሉ። በ1907 የዊስኮንሲንና የኒው ዮርክ ግዛቶች ይኼን ሥራ የሚሠሩ ኮሚሽኖች አቋቋሙ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ። ኢንሱል ይኼን ያሉት ለደንበኛው አዝነው ብቻ አልነበረም። ተፎካካሪ የማይመጣበት ኩባንያ ብድር በርካሽ እንደሚያገኝ ያውቁ ነበር። ይኼም ክፋት የለውም። ሁለቱም ወገን የሚጠቀምበት ውል ነው፤ ተቆጣጣሪው በርግጥ ከተቆጣጠረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ችሎቱ ላይ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው፤ ግን እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። በተለመደው አሠራር ኩባንያው የሚያወጣው ገንዘብ በሁለት ይከፈላል። አንዱ እንደ ነዳጅ፣ ደመወዝና ጥገና ያለው የዕለት ተዕለት ወጪ ነው። ተገቢ ሆኖ ከተገኘ በወጣበት ልክ ከደንበኛው ይሰበሰባል፤ ትርፍ አይጨመርበትም። ሌላው ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ንብረት ነው፦ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ቆጣሪ። የዚህ ዋጋ በአንዴ አይከፈልም። በየዓመቱ በእርጅናው ልክ ይቀነሳል፤ ባልተቀነሰው ላይ ደግሞ ኩባንያው የተፈቀደለትን ትርፍ ያገኛል። ለምሳሌ ያልተቀነሰው ንብረት 100 ሚሊዮን ቢሆንና የተፈቀደው ምጣኔ 8 በመቶ ቢሆን፣ የዓመቱ ትርፍ 8 ሚሊዮን ነው።

ልብ በሉ፤ ትርፉ የሚመጣው ከግንባታው ነው። ስለዚህ ኩባንያው ከሚያስፈልገው በላይ ለመገንባት ሊፈተን ይችላል። አቨርችና ጆንሰን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ይኼን እ.ኤ.አ. በ1962 በሒሳብ አሳይተውታል። አሮጌውን መስመር መጠገን ሲበቃ አዲስ መዘርጋት ለኩባንያው ይበልጥ ያዋጣው ይሆናል። እኔ ችሎት ላይ ብቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይኼንን ነው፦ ይኼ ግንባታ ለምን አስፈለገ? ከሱ የሚረክስ ሌላ መላ ታይቷል ወይ? ያለቀውስ ነገር አሁን አገልግሎት እየሰጠ ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ጭማሪው በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ጠቅላላ ገንዘቡ ከታወቀ በኋላ ለቤተሰብ፣ ለንግድና ለፋብሪካ ይደለደላል። በወር ቁርጥ ክፍያ ከሰበሰቡት ትንሽ የሚጠቀመው ይጎዳል። በኪሎዋት ሰዓት ከሰበሰቡት ደግሞ ብዙ የሚጠቀመው ይከፍላል፤ የሚቆጥበውም ይጠቀማል። ድምሩ አንድ ሆኖ የሁለት ቤት ቢል ለየቅል ሊሆን ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የድሃው ቤት ቢል የሚወሰነው ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ እዚህ ላይ ነው። አዳራሹ ግን ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ለጠቅላላው ቁጥር ነው።

ኩባንያው ከኅብረተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነትም እዚሁ ይመጣል። የስፖርት ሜዳ ይሠራል፣ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ ይሰጣል፣ ስሙን የሚያስጠራ ማስታወቂያ ያስነግራል። ስጦታው መልካም ነው። ጥያቄው ከማን ኪስ ወጣ የሚል ነው። ከታሪፉ ከወጣ ሰጪው ደንበኛው ነው፤ አመስጋኝ የሚያገኘው ግን ኩባንያው። ለዚህ ነው ብዙ ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ያለውን ወጪ ከባለአክሲዮኖች ትርፍ ላይ እንዲሆን የሚያደርጉት። እኔ ተሳትፎ የምለው ሌላ ነገር ነው። ከፍተኛ መስመር የሚያልፍበት መሬት ባለቤት ካርታው ሳይጸድቅ ሲጠየቅ፣ የካሳው ስሌት አስቀድሞ ሲነገረው፣ መብራት የሚቋረጥበት ሰዓት ቀደም ብሎ ሲነገር፣ ያ ነው ተሳትፎ። ካርታው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው።

በብዙ ቦታ አንድ ጠንካራ ደንብም አለ። ጉዳዩ በችሎት ላይ እያለ ኩባንያው ከወሳኞቹ ጋር ስለ ጉዳዩ ለብቻው መነጋገር አይችልም። የሚለውን ሁሉም ወገን በሚያየው መዝገብ ውስጥ ያስገባል። ደንበኛው ሰነዶቹን ማየት የሚችለው፣ የራሱንም ማስረጃ የሚያስገባው በዚሁ መዝገብ ነው።

ታዲያ ምን ይዞ መሄድ ይሻላል? «ኑሮ ተወዷል» ማለት እውነት ነው፤ ሰሚም ያገኛል። ግን ብቻውን ውሳኔ አይለውጥም። ተቆጣጣሪዎች አገልግሎቱን ከሚለኩባቸው መንገዶች ዋናዎቹ አንድ ደንበኛ በዓመት ስንት ጊዜ መብራት እንደጠፋበትና በድምሩ ስንት ሰዓት በጨለማ እንደቆየ የሚያሳዩት ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች የመላው አካባቢ አማካይ ስለሆኑ የአንድ ሰፈር ችግር ውስጣቸው ይሰወራል። የሚያወጣው እዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። ጎረቤቶች ተስማምተው መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ቀንና ሰዓት ለስድስት ወር ደብተር ላይ ይጻፉ። የተቃጠለ ዕቃ ካለ ይጨምሩበት። ያንን ደብተር ተቆጣጣሪው ፊት አስቀምጠው ኩባንያው የራሱን መዝገብ እንዲያመጣ ይጠይቁ።