ለኩዊልት ጀርባ ፍሊስ፦ የሰለቸኝ ወሬ እና እውነታው

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋውን ብርድ ልብስ፣ እዚህ አሜሪካ ኩዊልት የሚሉትን፣ ጀርባውን ፍሊስ በሚሉት ለስላሳ ጭገራም የፖሊስተር ጨርቅ ላድርገው ያለች ሁሉ መጀመሪያ የምትሰማው “ኧረ ተይ፣ ያበላሽብሻል” ነው። መካሪዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍሊስ ሰፍታ አታውቅም። በየሳምንቱ ያንኑ መልስ መመለስ ስለታከተኝ ልጻፈው።

“ፍሊስ ይለጠጣል፣ የኩዊልቱን ፊት ያጨማድደዋል።”

መለጠጡስ ይለጠጣል። የሚያጨማድደው ግን የሰፊዋ እጅ ነው። ፍሊስ እንደ አቡጀዲ የተሸመነ አይደለም፤ እንደ ሹራብ የተሠራ ነው፣ በተለይ በወርዱ በኩል ይሳባል። ጥጥ ጨርቅ ወጥሮ ወለል ላይ በፕላስተር መለጠፍ የለመደች ሴት ፍሊሱንም እንዲሁ ትወጥረዋለች። ፕላስተሩ ሲነሳ ፍሊሱ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ፊቱ ጥጥ ነውና አብሮት መሰብሰብ አይችልም፣ እጥፋት በእጥፋት ይሆናል። አንዲት እህት የልጇን የትምህርት ቤት ቲሸርቶች ገጣጥማ የሠራችውን እንዲህ አድርጋ አመጣችልኝና “ጨርቁ ነው የከዳኝ” አለችኝ። ስፌቱን ፈትተን፣ ያንኑ ፍሊስ ሳንወጥር ዘርግተን እንደገና ሰፋነው። ለጥ ብሎ ተኛ።

ስለዚህ ፍሊሱን ዘርጉት፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍ አስተካክሉት፣ አትጎትቱት። መርፌ ቁልፉን በየጋቱ ያህል አጠጋግታችሁ ሰኩ። የስፌት መኪናው ላይ የላዩንና የታቹን ጨርቅ እኩል የሚገፋውን እግር ግጠሙ፤ ዋጋው ቢቆረቁርም ግዙት። የስፌቱን ርዝመት 3 ወይም 3.5 ሚሊሜትር አድርጉ፣ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ስፉ። በ2 ሚሊሜትር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሰፍታችሁ ጨርቁን አትውቀሱ።

“መሃሉ ሙሌት ካልገባበት ኩዊልት አይባልም።”

ማን አለ? የቤንጋል ሴቶች ካንታ የሚሉትን የሚሰፉት አሮጌ ሳሪ ደራርበው ነው፣ ሙሌት የለበትም። ሙቀቱን የሚይዘው በጨርቁ መካከል የታመቀው አየር ነው፤ ጋቢ ተደርቦ ለምን እንደሚሞቅ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የፍሊስ ጭገር ያንን አየር በራሱ ይይዛል። ሙሌት ጨምሩበት ካላችሁ ጨምሩ፣ ግን ከብዶ መኪናው ሥር አልገባ ሲል እኔን አትጥሩኝ።

“ሱፍ ስለሆነ ከመሰፋቱ በፊት ካልታጠበ፣ ኋላ ሲታጠብ ይገባል፣ ያጥራል።” ሱፍ አይደለም፣ ፖሊስተር ነው፤ በውኃ አይገባም ማለት ይቻላል። የሚገባው ፊቱ ላይ ያለው ጥጥ ነው፣ ከመቶ 3 እስከ 5 ያህል። ማጠብ ካማራችሁ እሱን ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡ።

“የተጨማደደውን በካውያ ማስተካከል ነው።” በፍጹም! የጥጥ ሙቀት ላይ ያለ ካውያ ጭገሩን አቅልጦ የሚያብለጨልጭ ደረቅ ጠባሳ ይተውበታል፤ እሱን የሚመልስ ዘዴ የለም። ፊቱን ከፍሊሱ ጋር ሳይገናኝ በፊት ተኩሳችሁ ጨርሱ።

“ቶሎ ፍሬ ፍሬ ይላል።” ርካሹ ይላል። ፍሬ እንዳያወጣ ተደርጎ የተሠራውን ግዙ፣ ማለስለሻ አታድርጉበት፣ ማድረቂያውን ዝቅተኛ ሙቀት ላይ አድርጉት።

“ለአራስ ከዚህ የተሻለ የለም።” ሲታቀፍ ይሁን። ዓመት ያልሞላው ልጅ አልጋ ውስጥ ግን ፍሊስም ሆነ ሌላ ብርድ ልብስ አይገባም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረው ይህንኑ ነው።

“ለትልቅ አልጋ አይበቃም።” ወርዱ 150 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ መቀጠሉ አይቀርም። ጠርዙ አይተረተርም፤ ዳርና ዳሩን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ 1 ሴንቲሜትር ደርባችሁ በዚግዛግ ስፉት። የሁለቱም ጭገር ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛቱን ግን በእጃችሁ ዳብሳችሁ አረጋግጡ፤ አለዚያ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠው ጨርቅ ሁለት ዓይነት ቀለም ይመስላል።