«አሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን» ምንድን ናት?

ዲያቆኑ «ንበል ኵልነ በጥበበ እግዚአብሔር ጸሎተ ሃይማኖት» ሲል ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ይቀበለዋል። ግዕዝ የማይሰማውም ሰው በቃሉ ይዞታል። «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ተብሎ ይጀመርና ወደ ማብቂያው ሲደርስ እንዲህ ይላል፦ «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት። ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት።» በአማርኛ፦ ከሁሉ በላይ በምትሆን፣ የሐዋርያት ጉባኤ በሆነች በአንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እናምናለን፤ ኃጢአትን ለማስተስረይ በአንዲት ጥምቀትም እናምናለን።

እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተከታትለው የመጡት እንዲያው አይደለም። «እውነተኛዪቱ ቤተ ክርስቲያን የትኛዋ ናት?» የሚለው ክርክር የሚነሣው ከመጀመሪያው ነው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሌሎቹ ከልቧ ምን እንደምታምን የሚታወቀው ግን በሁለተኛው ነው። ከሌላ ቤት የመጣውን ሰው እንደገና ታጠምቀዋለች ወይስ አታጠምቀውም?

ይህን በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በቤተሰባችን አይቼዋለሁ። የአክስቴ ልጅ እንደ ደንቡ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ወደ ወንጌላውያን ሄደች፤ እነርሱም በሕፃንነትሽ የተደረገልሽ ጥምቀት አይደለም ብለው በገንዳ ውኃ አጠመቋት። ከዓመታት በኋላ ወደ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ካህኑ እንደገና አላጠመቋትም። ንስሐ ሰጧት፣ ጸሎት የተደረሰበትን ውኃ አፈሰሱባት። ይህ ሥርዓት ቄደር ይባላል። ልጅቷ ገንዳ ውስጥ በገባችበት ሰሞን አክስቴ ቡና እየቀዳች የተናገረችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «እሺ፣ የነሱስ ይሁን። ታዲያ እኔ ያስጠመቅኳት ምን ነበር?»

ከቃሉ እንነሣ። «ቤተ ክርስቲያን» ስንል በኦርቶዶክሳዊው ትምህርት ሦስት ነገር ማለታችን ነው፦ የእያንዳንዱ ምእመን ሰውነት፣ የምእመናን ኅብረት፣ እና ጸሎት የሚደረስበት ሕንፃ። በጸሎተ ሃይማኖቱ «አሐቲ» የተባለችው ሁለተኛዋ፣ ኅብረቷ ናት። «እንተ ላዕለ ኵሉ» የሚለው ደግሞ ግሪኩ «ካቶሊኬ» ያለውን የሚተካ ነው። ካቶሊኬ የሮማ ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ከመሆኑ አስቀድሞ «በሁሉ ያለች፣ ምልዕት፣ ኵላዊት» ለማለት ያገለግል የነበረ ቃል ነው። የግዕዙ «ላዕለ» ግን «ላይ»ም «በላይ»ም ይሆናል። ስለዚህ የኛ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታየው ስፋቷ ሳይሆን ከፍታዋ ነው፤ በሁሉ ላይ የተዘረጋች ከማለት ይልቅ ከሁሉ የምትበልጥ። ይህች ትንሽ የትርጉም ልዩነት በክርክራችን ላይ የራሷን ጥላ ያጠላች ይመስለኛል።

«ጉባኤ ዘሐዋርያት» ላይም አንድ አይደለንም። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ከሐዋርያት ጀምሮ በእጅ መጫን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ክህነት ያላት ማለት ነው ይላሉ። በአራተኛው መቶ ዓመት አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ መሾሙን የምንተርከውም ለዚህ ነው። ወንጌላዊው ደግሞ ሐዋርያት ያስተማሩትን የምታስተምር ማለት ነው ይላል። ለእርሱ ቅብብሎሹ የመጽሐፉ እንጂ የእጁ አይደለም።

ጸሎቱ መሠረቱ የተጣለው በ325 በኒቅያ ነው (ከዚህ በታች የሕዝብ ቆጠራው ሲቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ጥምቀት የሚናገረው ክፍል ደግሞ 150 አባቶች ከተሰበሰቡበት ከ381ዱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር ይያያዛል። ክርክሩ ግን ከኒቅያም ይቀድማል። በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ «ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም» የሚለውን ሐሳብ ጻፈ። ዛሬ ይህን ቃል ሙስሊሙን ወይም ያላመነውን እያሰበ የሚጠቅሰው ብዙ ነው። ቆጵርያኖስ የጻፈው ግን መናፍቃን ያጠመቁት ሰው ወደ እኛ ሲመጣ እንደገና ይጠመቅ ወይስ አይጠመቅ በሚለው ጭቅጭቅ መካከል ነው። የእርሱ መልስ ይጠመቅ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ጥምቀት የለምና፣ የተደረገለት መታጠብ እንጂ ጥምቀት አይደለም አለ። የሮማው ጳጳስ እስጢፋኖስ ደግሞ እጅ ተጭኖበት ይግባ እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅ አለ። ሁለቱ ሳይስማሙ ሞቱ። እስጢፋኖስ በ257 ዐረፈ፤ ቆጵርያኖስ በ258 አንገቱ ተቀልቶ ሰማዕት ሆነ። ሮማ ሁለቱንም ቅዱሳን ብላ ታከብራለች።

ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ ነገሩን በአንድ ቃል አልቈረጡትም። በስምንተኛው ቀኖናቸው፣ በስደት ዘመን የካዱትን አንቀበልም ብለው የተለዩት የንባጥያኖስ ተከታዮች ሲመለሱ እጅ እየተጫነባቸው ይግቡ አሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀኖና ደግሞ በመናፍቅነት የተወገዘው የጳውሎስ ሳምሳጢ ተከታዮች ሲመጡ ግድ ይጠመቁ አሉ። የፊተኛው ቡድን በሥላሴ ላይ ያለው እምነት አልተበላሸም፤ የኋለኛው ተበላሽቷል። ከደጅ የቆመውን ሁሉ በአንድ ዓይን አላዩም፤ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደ ራቀ መዘኑ። ሠለስቱ ምዕትን በየክርክሩ እየጠራን ይህን ሚዛናቸውን መርሳታችን ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ኅብረቷ በሚታይ መልኩ ተከፋፈለች። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በተነሣው ክርክር፣ እስክንድርያ ከሮማና ከቁስጥንጥንያ ተለየች፤ እኛም ከእስክንድርያ ጋር ተዋሕዶን ይዘን ቀረን። ሮማና ቁስጥንጥንያ ራሳቸው ተለያዩ፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ 1054 ይጠቀሳል። በ1517 ደግሞ በጀርመን ሉተር ተነሣ፤ ከእርሱም የፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ ጀመረ። ከእያንዳንዱ መለያየት በኋላ «አሐቲ» የሚለው ቃል በሁሉም አፍ ቀጠለ፤ ትርጉሙ ግን ተለያየ።

ኦርቶዶክሳዊው መልስ ግልጽ ነው፦ አንዲቷ አልተከፈለችም፤ ከእርሷ የተለዩ አሉ እንጂ። እዚህ ላይ የኛ ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። «የኛ ናት» ሲል ኢትዮጵያዊቱን ብቻ ካሰበ የራሱን ትምህርት አሳንሷል፤ ኮፕቱም አርመኑም ሶርያዊውም የሕንዱ ማላንካራም ኤርትራዊውም በዚያችው በአንዲቷ ውስጥ ናቸው። በ1965 የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ የተሰበሰቡት ይህንኑ ኅብረት ይዘው ነው። ኬልቄዶንን ከተቀበሉት ኦርቶዶክሶች፣ ከግሪኮቹና ከሩሲያዎቹ ወገን ጋር በተደረገው ውይይትም በ1990 በስዊዘርላንድ በቻምቤሲ የተሰበሰበው የጋራ ኮሚሽን ሁለቱም ወገን፣ ቃሉ ቢለያይም፣ አንዱን ሐዋርያዊ ሃይማኖት ጠብቀዋል ብሎ ጻፈ። በአንድ ቅዳሴ መቁረብ ግን እስካሁን አልተደረሰበትም።

ሮማ በ1964 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አነጋገሯን ለወጠች። ረቂቁ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን «ናት» ይል የነበረውን፣ «በእርሷ ውስጥ ጸንታ ትኖራለች» በሚል ተካው። ከእርሷ ውጭም የቅድስናና የእውነት ነገሮች አሉ ለማለት በር ከፈተች። በ2000 በወጣው ሰነድ ደግሞ ሐዋርያዊ ክህነትና እውነተኛ ቍርባን ያላቸውን «አብያተ ክርስቲያናት» ስትል፣ የሌላቸውን በሙሉ ትርጉሙ ቤተ ክርስቲያን አይባሉም አለች። ብዙ ፕሮቴስታንት ተቀየመ።

ከሉተር የተነሣው የፕሮቴስታንቱ ወገን መልስ ሌላ መሠረት ላይ ቆሟል። በ1530 ሉተራውያን ባቀረቡት የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ሰባተኛው አንቀጽ፣ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል በትክክል የሚሰበክባትና ምሥጢራት በትክክል የሚፈጸሙባት የቅዱሳን ጉባኤ ናት። አንድነቷ ያለው በመዋቅር አይደለም፤ በየትም ያሉ እውነተኛ አማኞችን እግዚአብሔር ያውቃቸዋል። ስለዚህ «ሃይማኖት አያድንም፣ ኢየሱስ ነው የሚያድነው» የሚለው አነጋገር በኛ ሀገር ከወንጌላውያን አፍ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያጣላናል። አማርኛ «ሃይማኖት» ሲል እምነቱንም፣ የእምነቱን ሥርዓትም፣ ክፍሉንም በአንድ ቃል ይጠቀልላል። «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ተብሎ «ክርስቲያን» ብሎ የሚመልስ ሰው ከስንት አንዴ ነው፤ «ኦርቶዶክስ»፣ «ጴንጤ»፣ «ካቶሊክ» ነው መልሱ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራም ኦርቶዶክስ 43.5 ከመቶ፣ ፕሮቴስታንት 18.6 ከመቶ፣ ካቶሊክ 0.7 ከመቶ ብሎ ከእስልምና እኩል ለየብቻ ነው የቆጠራቸው። ወንጌላውያን ለክፍሎቹ «ቤተ እምነት» የሚል ስም ይጠቀማሉ። ቃሉ ገር ይመስላል፤ ውስጡ ግን መልስ አለው። ብዙ ቤቶች ያሉበት አንድ መንደር ነው የሚታየው። ኦርቶዶክሱን «ያንተ ቤተ እምነት» ስትለው ከመንደሩ ቤቶች አንዷ ናት ብለህ ክርክሩን ሳትጀምር ፈርደህበታል። እርሱም በበኩሉ «ሃይማኖትህን ቀየርህ» ሲል ሌላ አምላክ እንዳመለክህ ያህል ይሰማል። «አንድ ጌታ አንድ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት» የሚለውን የኤፌሶንን ቃል ሁለቱም በእኩል ስሜት ይጠቅሱታል።

ወደ ውኃው ልመለስ፤ በታሪካችን ይህ ጥያቄ ደም አፍስሷልና። በ1626 ዐፄ ሱስንዮስ ከሮማ በተላከው በካቶሊኩ ፓትርያርክ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮማ ጳጳስ ታማኝነታቸውን አረጋገጡ። ሜንዴዝ የሀገሪቱ ጥምቀት በትክክለኛው ቃልና ሥርዓት መፈጸሙን ስለ ተጠራጠረ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ አደረገ። የአንድ ባሕርይና የሁለት ባሕርይ ክርክር የሊቃውንት ነበር። ገበሬው የሰማው ግን ሌላ ነው፦ አባትህ ያስጠመቀህ ምንም አልነበረም፣ ያቈረቡህ ቄስ ቄስ አልነበሩም፣ የአያትህ መቃብር ያለበት ደብርም ደብር አልነበረም። የአክስቴ ጥያቄ በመላው ሀገር ላይ ወደቀ ማለት ነው። ሕዝብ ከሕዝብ ተላልቆ በ1632 ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሜንዴዝን የላከችው ሮማ በእስጢፋኖስ ዘመን «ዳግመኛ አይጠመቅ» ያለችው መሆኗን ሳስብ ይከነክነኛል።

ስለዚህ «የኛ ብቻ ናት» የሚል ሰው ሁሉ ቃሉን በአፉ አይናገረውም። «ቤተ እምነት አያድንም» የሚለው ወንጌላዊ፣ ከኦርቶዶክስ የመጣውን ሁሉ ያለ ልዩነት ገንዳ ውስጥ ሲያስገባ በተግባሩ ያ ቤት ጥምቀት የለውም ማለቱ ነው። በሉተራን ትምህርት ግን በሥላሴ ስም በሕፃንነት የተጠመቀ ሰው አይደገምበትም፤ ወንጌላውያን ራሳቸው በዚህ አንድ አይደሉም። በሌላ በኩል «ውጭ ያሉት ቤተ ክርስቲያን አይደሉም» የሚለው ኦርቶዶክሳዊ፣ ለተመለሰችው ልጅ ካህኑ ለምን በቄደር ብቻ እንደ ተቀበሏት ሊያስብበት ይገባል። የተጠመቀችው ጥምቀት ትታው ሄዳ እንኳ አልጠፋም፤ አንዲት ናትና።

የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በ1948 ሲቋቋም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበረች። ይህን እንደ ድርድር የሚያዩት አሉ። ጉባኤው በ1950 በቶሮንቶ ባወጣው መግለጫ ግን አባል የሆነች ቤተ ክርስቲያን ሌሎቹን በሙሉ ትርጉሙ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ብላ መቀበል አይጠበቅባትም ብሎ አስቀምጧል። አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥና «አሐቲ»ን መተው የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህም የቀረበ ነገር በጀርመን ተደርጓል። ኤፕሪል 29 ቀን 2007 በማግደቡርግ ካቴድራል 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዳቸው የሌላውን ጥምቀት እንደሚቀበሉ ፈረሙ፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም በውኃ የተፈጸመ ጥምቀት አይደገምም አሉ። ከፈራሚዎቹ መካከል ካቶሊኮች፣ የጀርመን ወንጌላውያን፣ ሜቶዲስቶች፣ አርመኖች አሉ። በጀርመን ያለችው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለችበት። ፊርማው አብሮ አያቈርብም፣ ክህነትንም አያስማማም፤ ግን ለአክስቴ ጥያቄ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ነው። ባፕቲስቶች አልፈረሙም። የእነርሱ ምክንያት ጥላቻ አይደለም፦ ጥምቀት ሰው ራሱ አምኖ የሚመልሰው መልስ ስለ ሆነ፣ ለሕፃን የሚደረገውን ጥምቀት አይሉትም፤ ስለዚህ እነርሱ ዘንድ ሁለተኛ ጥምቀት የሚባል ነገር የለም፣ የተደገመም የለም።