የሸዋ በሮች፦ ከአንኮበር እስከ መንዝ ጓሳ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሰሜን ሸዋን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ደብረ ብርሃን ቁርሱን ይበላል፣ ደብረ ሲና ቆሎ ይገዛል፣ ከዚያ እንቅልፉን ይለጥጣል። ላሊበላ የሚሄደውም እንደዚያው። አገሩን ልይ ብሎ የሚወርድ ከስንት አንድ ነው። የሸዋ ነገሥታት የኖሩት ግን እዚሁ ነው። ምኒልክ የተወለዱት እዚህ ነው። ገበሬው ተስማምቶ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የጠበቀው ሣርም ያለው እዚሁ ነው።

አቀማመጡን ለመረዳት ሁለት ስም ይበቃል፦ አንኮበር እና ጣርማበር። ሁለቱም መጨረሻቸው «በር» ነው። በስተ ምዕራብ ያለው ሰፊ ደጋ ምሥራቁ ላይ ሲደርስ ድንገት ገደል ይሆናል። ከገደሉ ሥር ቆላው እስከ አዋሽና እስከ አፋር ድረስ ይዘረጋል። ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ካፖርት ያስለብሳል። ታች ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ሸሚዝም ይከብዳል። በገደሉ ላይ ሰውና አጋሰስ የሚያልፍበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ ያን ቦታ የያዘ ሰው ቀረጡንም፣ ጨውንም፣ ጠመንጃውንም ይይዛል። የሸዋ ታሪክ ግማሹ የእነዚህ በሮች ታሪክ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት አለ፤ ሰሜን ሸዋም ከዚህ ውጭ አልሆነም። መንገዱ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሻንጣ ከመሸከፍ በፊት አገሩ ላይ ላለ ዘመድ ወይም ወዳጅ መደወል ይቀድማል።

ደብረ ብርሃንና ሜዳው

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ ለምሳ ይደረስባታል። የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን። ሌሊት ከሰማይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ቦታውን በዚያ ሰየሙት ይባላል። ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ንጉሡ ከተማውን ወደዱት፤ በዘላን ድንኳን ይዘዋወር ለነበረ ቤተ መንግሥት ብዙ ዓመት አንድ ቦታ መቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ ደብረ ብርሃን የምትታወቀው በብርዷ፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋና በአረቄዋ ነው። ሦስቱ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ይመስለኛል።

በከተማዋ ዙሪያ ያለው ሜዳ ሲያዩት ገብስ፣ ባቄላና በግ ብቻ ነው። ግን ሁለት ቦታ አለው። አንዱ አንጎለላ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደ ሁለተኛ መቀመጫ ያቋቋሙት ነው፤ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱትም በዚሁ አካባቢ ነው። ሁለተኛው ልቼ ነው፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የከተሙበት። መጋቢት 1870 ዓ.ም. ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጦር ይዘው መጡ፣ ምኒልክም እንደ ወጉ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ቀርበው ገቡላቸው። ስምምነቱ የልቼ ስምምነት ይባላል። ሁለቱም ቦታ ላይ ትልቅ ፍርስራሽ አትጠብቁ። የሚታየው ሜዳውና ቤተ ክርስቲያኑ ነው። የቀረውን የአካባቢው ሽማግሌ ይነግራችኋል።

አንኮበር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ ተጓዡ «ይሄ ነው እንዴ?» ማለት ሲጀምር መሬቱ ይቆረጣል። ጭጋግ ከሌለ ከጫፉ ላይ ቆላው እስከ አድማስ ይታያል። ጭጋግ ካለ ደግሞ የፊት መኪና መብራት ብቻ ነው የሚታየው፤ ጠዋት ማልዶ መድረስ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የሸዋ መሳፍንት ይህን ጫፍ የመረጡበት ምክንያት ሲደርሱበት ይገባል። ኮረብታው ብቻውን ሹል ብሎ ቆሟል። ጠላት ከደጋም ይምጣ ከቆላ፣ ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ሣህለ ሥላሴ (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) በዚህ ኮረብታ ላይ ሆነው ሸዋን አሰፉ። ኅዳር 1834 ዓ.ም. ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ ቆየት ብሎም ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጥቶ የራሱን ውል ያዘ። ንጉሡ የፈለጉት ጠመንጃ ነበር፣ ፈረንጆቹ ደግሞ መንገድ። በሩ ሁለቱንም አገናኘ።

ሣህለ ሥላሴ ሲሞቱ ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙና የአሥራ አንድ ዓመቱን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰዱት። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሲመለስ አንኮበር ዳግመኛ የሸዋ ከተማ ሆነች። በኋላ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ አንኮበር ቀስ በቀስ ትንሽ የገጠር ከተማ ሆና ቀረች።

ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። በኮረብታው አናት ላይ በድሮው አሠራር አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ፤ ወደሱ የሚወስደው ደረጃ ረጅም ነው፣ ጉልበት ይፈትሻል። በዙሪያው መድኃኔ ዓለም፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ ማርያምና ሌሎችም ከነገሥታቱ ዘመን የነበሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ንዋያተ ቅድሳት ማየት የፈለገ ቄሰ ገበዙን ፈልጎ በትሕትና ይጠይቅ። ቅዳሴ ላይ ከደረሰ ደግሞ ቆሞ ያስቀድስ፤ ካሜራው ይቆየው።

አንኮበር የወፍ ወዳጆችም አገር ናት። አንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ወፍ አለች፤ ስሟ የተሰጣት ከዚሁ ቦታ ነው፣ የሳይንስ ዓለም ያወቃትም በ1970ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ስሟ ያማረ መልክ የላትም፣ ቡናማ ናት። ሆኖም እሷን ለማየት ብቻ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ባለው ገደል ላይ የወፍ ዋሻ ጥብቅ ደን ይዘረጋል። ጽድና ዝግባ የሞላበት፣ ከሸዋ የቀረ የተፈጥሮ ደን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ቦታ ደግሞ ሌት ማረፊያ ነው፤ ከአንኮበር ሥር ይገኛል። ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ እንዲሆን የሰጡት መሬት ነበር። የማኅበሩ የጉዞ ቡድን መሪ ማርኬዝ አንቲኖሪ ወፍና ተክል ሲሰበስብ ኖሮ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ከዐድዋ በፊት ጣሊያን በሸዋ የእንግዳ ስም እንደነበረው የሚያስታውስ ቦታ ነው።

ከበሩ በታች

ከአንኮበር ወደ ቆላ ሲወረድ አልዩ አምባ ትገኛለች። ነገሥታቱ ከላይ፣ ነጋዴው ከታች፤ አሠራሩ እንደዚያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን እዚህ ያራግፋል። ከዚህ በላይ ግመል አይወጣም፤ ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ይቀጥላል። ከአፋር የመጣ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የማርትሬዛ ብር እዚህ እጅ ይለዋውጣል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ገበያው በአቅራቢያው በአብዱል ረሱል ነበር። የአልዩ አምባና የአካባቢው ነዋሪ ብዙው አርጎባ ነው። ሙስሊም ናቸው፣ በንግድና በሽመና ይታወቃሉ። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። አሁን በብዙ ቦታ በአማርኛና በኦሮምኛ እየተተካ ነው።

በሰሜኑ መንገድ ደግሞ ጣርማበር አለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ዋሻ ሠራ፤ ርዝመቱ 600 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ሰው እስካሁን የሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። ከዋሻው ሲወጣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ጆሮም ይደፈናል። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከባሉ። ይግዙ። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ በከንቱ አልወጣም።

ከዚያ በታች ይፋት ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር የነበረው የይፋት ሱልጣኔት እዚህ ነበር። ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስቶች በዚህ ገደል ሥር ኖራና አስበሪ የሚባሉ የድንጋይ ከተሞችን ፍርስራሽ፣ መስጊዶቻቸውንም ጭምር አጥንተዋል። የኖራ መስጊድ ግድግዳ እስካሁን ቆሟል። መንገዱ እግር ይፈልጋል፣ ያለ አገር ሰው አይገኝም።

መንዝና ጓሳ

ወደ መንዝ ለመሄድ ዋሻው ከመድረሱ በፊት ጣርማበር ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። መንዝ ከጥንት ሦስት ነው፦ ላሎ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ጌራ ምድር። አገሬው ከየትኛው እንደሆነ ካልተናገረ ራሱን አስተዋወቀ ለማለት ይከብዳል። ርስት፣ ክርክርና ኩራት የሚወድ ሕዝብ ነው እየተባለ ይቀለድበታል። መንዜው ራሱ ግን ከማንም ቀድሞ ይስቃል። ወደዚያ ሲኬድ በሰላ ድንጋይ በኩል የሚያልፍ ሰው የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ አካባቢውን ያስተዳደሩበትን መቀመጫ ያያል።

ከነገሥታቱም በፊት እዚህ ሌላ ሕዝብ ነበር። በመንዝ ሜዳ ላይ የአፈርና የድንጋይ ጉብታ ሆነው የሚታዩ መቃብሮች አሉ፤ መሻለ ማርያም አካባቢ የተቆፈሩት ይታወቃሉ። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የኖሩት እነዚያ ሰዎች ክርስቲያንም ሙስሊምም አልነበሩም። ሙታናቸውን ከብርጭቆ ጨሌና ከጥቁር ሸክላ ጋር ይቀብሩ ነበር። አርኪዮሎጂስቶች በአካባቢው ባለው ወንዝ ስም የሻይ ባህል ብለው ሰይመውታል። ከሚጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም።

መሐል ሜዳ ከመድረሱ ቀደም ብሎ ጓሳ ይጀምራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጭ የማይለየው ሣር ምድር ነው። ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ዘብ ቆሟል። ጭላዳዎች በመቶ ሆነው ሣር ይነጫሉ። ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ ይታያል። ቀይ ቀበሮ አይጥ ለማደን ጭላዳዎቹ መሐል ይገባል፤ እነሱም አይሸሹትም። ተመራማሪዎች እንዳዩት ከመንጋው መሐል ሲያድን ብቻውን ከሚያድነው ይልቅ ይሳካለታል። ሆዱ የጎደለ ቀበሮ ግልገላቸውን ትቶ አይጥ ብቻ ማሳደዱ ይገርማል።

ይህ ሣር እስከ ዛሬ የተረፈው በቄሮ ሥርዓት ነው። (የኦሮሞ ወጣቶች ቄሮ አይደለም፣ ስሙ ገጥሞ ነው።) ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአገሩ አቅኚ አባቶች የሚባሉት የአስቦና የጌራ ዘሮች በአጽመ ርስት መብታቸው ጓሳን በጋራ ይጠብቁ ነበር። የሚመሩት የተመረጡ አባ ቄራዎች ናቸው። አባ ቄራው ጓሳ ተዘግቷል ካለ፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ማንም ሣር አያጭድም፣ ከብትም አያስገባም። ጥበቃው በየተራ ነው፤ ያልወጣ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በቀብርና በገበያ ላይ ይነገራል። ያኔ የሚታጨደው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል። ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦም ይነደዳል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፣ አባ ቄራውም አብሮ ቀረ። ገበሬ ማኅበራት ቦታውን ቢረከቡም የድሮውን ያህል አልተፈሩም፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እዚያ የሚገኘውም ሎጅ የማኅበረሰቡ ነው። እኔን የሚገርመኝ አዋጁ አይደለም፤ ሰው ያለ ጽሑፍ ሕግ ለአምስት ዓመት የራሱን ከብት ከራሱ ሣር መከልከሉ ነው።

ጓሳ ሌሊት ውርጭ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውሃው ይረጋል። ሁለት ካልሲ፣ ኮፍያና ጓንት ይያዝ። ከረሱ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ባና ይገኛል። መጀመሪያ ሲለብሱት ይኮሰኩሳል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ማንም አያወልቀውም።