ቁልፍ ዝርያ ምንድን ነው?

ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ሐሳብ ግማሹን ያውቀዋል። ተራ አስከባሪው ካለ ሰልፍ አለ። ነፍሰ ጡሯም፣ ሽማግሌውም፣ ደብተር ያቀፈው ተማሪም በተራቸው ይገባሉ። እሱ የቀረ ቀን ግን ጉድ ነው። ጉልበተኛው ተጋፍቶ ወንበሩን ይይዛል፤ የቀረው ወደ ፒያሳ በእግሩ ያዘግማል። የጎደለው እኮ አንድ ሰው ነው!

በተፈጥሮም እንዲህ ያለ ፍጡር አለ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሲነሳ የሚናጋው ግን ብዙ ነው። ቁልፍ ዝርያ የሚባለው እሱ ነው።

ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው የባሕር ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሮበርት ፔይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በዋሽንግተን ግዛት፣ ፓስፊክ ዳርቻ ላይ አንድ ድንጋያማ ቦታ መረጠ። ሥራው ላየው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ባሕሩ ሲሸሽ ይመጣል፣ ድንጋዩ ላይ የተጣበቁትን፣ የባሕር ኮከብ የሚባሉትን እንስሳት በብረት ይፈለቅቃል፣ ወደ ውቅያኖሱ ይወረውራል። ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይፈለቅቃል። አጠገቡ ያለውን ቦታ ግን ለማነጻጸሪያ ሳይነካ ተወው።

የባሕር ኮከብ ስሙ ነው የሚያምረው እንጂ ራሱ አዳኝ ነው። ጨጓራውን ወደ ውጭ አውጥቶ መስል የሚባሉትን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ይበላል። እና አዳኙ ሲነሳ ሌላው ሁሉ እፎይ ይላል ብለን አንጠብቅም? የሆነው ተቃራኒው ነው። መስሎቹ ድንጋዩን ወረሩት። እዚያ ቦታ ማጣት ማለት መሞት ነው። 15 የነበሩት ዝርያዎች ወደ 8 ወረዱ። ኮከቡ ለካ ጉልበተኛውን እየበላ ለደካሞቹ ቦታ ያስለቅቅ ኖሯል። (ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። የእኛ ተራ አስከባሪ ሰው አይበላም፤ ከረዳቱ ብሩን ነው የሚቀበለው።)

ፔይን ውጤቱን በ1966 አሳተመ። ስሙ የመጣው በ1969 ሲሆን የተዋሰውም ከግንበኞች ነው። ቅስት ሲሠራ አናቱ ላይ፣ መሃል የምትገባ አንዲት ድንጋይ አለች፤ በእንግሊዝኛ «ኪስቶን» ትባላለች። እሷ ከወጣች ቅስቱ ይወርዳል። ስለዚህ «የማዕዘን ድንጋይ» ብሎ መተርጎም አያስኬድም። የማዕዘን ድንጋይ ከታች ሆኖ የሚሸከም ነው። ይቺኛዋ ከላይ ሆና ነው ሌሎቹን የምታያይዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የሆነ ነገር ስለሚጠቅም ብቻ ቁልፍ አይባልም። የጥድ ደን ውስጥ ጥዱ ቢጠፋ ደኑ ይጠፋል፤ ይህ ማንንም አያስገርምም። መለኪያው ተጽዕኖው ከብዛቱ ጋር አለመመጣጠኑ ነው። ዛሬ ግን ፎቶው ያማረ እንስሳ ሁሉ ቁልፍ እየተባለ ነው። ቅሬታው የእኔ ብቻ አይደለም፤ በ1993 ሦስት ተመራማሪዎች ቃሉ ልኩን አጥቷል ብለው ጽፈዋል። ፔይን እኮ የባሕር ኮከቡን ሹመት በግምት አልሰጠውም። አንስቶ፣ ጠብቆ፣ ቆጥሮ ነው።

የአንድ ተመራማሪ ተጽዕኖ ብዙ ጊዜ የሚለካው ጽሑፎቹ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በመቁጠር ነው። ለፔይን ግን ይህ ቁጥር የሚበቃው አይመስለኝም። ካስተማራቸው አንዷ ጄን ሉብቼንኮ ከ2009 እስከ 2013 የአሜሪካን የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር መርታለች። ጄምስ ኤስቲስ ደግሞ ተማሪው እንኳ አልነበረም። በ1971 አላስካ ውስጥ አምቺትካ ደሴት ላይ ተገናኙ። ኤስቲስ ያኔ ኦተር የሚባለውን ጸጉራም የባሕር እንስሳ ባሕሩ እንዴት እንደሚያኖረው ሊያጠና አስቦ ነበር። ፔይን ጥያቄውን ገለበጠለት፦ ኦተሩስ ባሕሩን ምን ያደርገዋል? ኤስቲስ ኦተር ያለበትንና የሌለበትን ደሴት አነጻጸረ። ኦተር ባለበት የባሕር አረም እንደ ደን ቆሟል። በሌለበት ኦተሩ ይበላቸው የነበሩት እሾሃማ ፍጥረታት ተራብተው አረሙን ግጠው ጨርሰውታል።